አምፖልን የወለደው የመዳብ ዋጋ

«አምፖልን ማን ፈጠረ?» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ብትጽፉ ገና ጥያቄውን ሳትጨርሱ መልሱ ይመጣል፤ ቶማስ ኤዲሰን። ከዚያ ቪዲዮዎቹ ይከተላሉ። ኤዲሰን ሺህ ጊዜ ሞክሮ ሺህ ጊዜ ወደቀ (አንዳንዱ ተናጋሪ አሥር ሺህ ያደርሰዋል)፣ ተስፋ ግን አልቆረጠም፣ በመጨረሻም መብራቱ በራ። ከኋላ ለስለስ ያለ ፒያኖ ይሰማል። «አንተም እንዳትቆም!» ይላል ተናጋሪው።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ታሪክ በየሥራ ፈጠራ ሥልጠናው ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ታሪኩ በተነገረ ቁጥር አንድ ጥያቄ የሚከነክነኝ። እሺ፣ ሺህ ጊዜ ወደቀ እንበል። የውድቀቱን ሒሳብ ማን ከፈለ? ደግሞስ ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈልግ የነበረው ምንድን ነው?

መልሱን ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት ታሪክ ከቪዲዮው የበለጠ ይጥማል፤ እንደኔ ባዶ ኪስ ይዞ ለሚጀምር ሰውም የበለጠ ይጠቅማል። ኤዲሰን አምፖል ለመሥራት የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ከሌሎቹ በፊት ቁጭ ብሎ ያሰላው ነገር ግን አለ፤ እሱም የመዳብ ዋጋ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኤዲሰን በፊት ማን ነበር?

ብዙ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው ሐምፍሪ ዴቪ በ1802 ኤሌክትሪክ በፕላቲነም ውስጥ አሳልፎ እስኪያበራ ድረስ አግሎታል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል በሚዘል ብልጭታ የሚሠራውን «አርክ መብራት» ለሕዝብ አሳየ። በ1878 የፓሪስ ታላላቅ ጎዳናዎች በአርክ መብራት ደምቀው ነበር። ችግሩ ድምቀቱ ራሱ ነው። ለአደባባይ ጥሩ ነው፤ መኝታ ቤት ውስጥ ግን ፀሐይን ጣሪያ ላይ እንደ መስቀል ይሆናል።

ለቤት የሚሆነው ሌላው መንገድ ነበር፤ ቀጭን ክር በብርጭቆ ውስጥ ማስቀመጥና በኤሌክትሪክ ማጋል። በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ ይኖር የነበረው ኬሚስት ጆሴፍ ስዋን ሙከራውን የጀመረው በ1850 አካባቢ ነው፤ ኤዲሰን ያኔ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። በካናዳ ዉድዋርድና ኢቫንስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1874 የአምፖል ፓተንት አውጥተዋል። በአሜሪካም ሶየርና ማን፣ እንዲሁም ሒራም ማክሲም ከኤዲሰን ጋር በአንድ ዘመን ይሯሯጡ ነበር።

ሁሉንም የፈተናቸው አየር ነው። የጋለ ከሰል አየር ካገኘ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ከብርጭቆው ውስጥ አየሩን መምጠጥ ያስፈልጋል፤ የዘመኑ ፓምፖች ደግሞ ደካማ ነበሩ። በ1865 ሔርማን ስፕሬንግል የተባለ ኬሚስት በሜርኩሪ ጠብታዎች አየር እያፈነ የሚያወጣ ፓምፕ ሠራ። በሩን የከፈተው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ስዋን ትቶት ወደነበረው ሙከራ የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ በ1879 መጀመሪያ ላይም የሚበራ አምፖል ኒውካስል ውስጥ በአደባባይ አሳይቷል። የኤዲሰን አምፖል የበራው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ነው።

ታዲያ ስሙ እንዴት ለኤዲሰን ሆነ?

መጀመሪያ ወሬ፣ ከዚያ ብር፣ ከዚያ ሒሳብ

በ1878 መጸው ኤዲሰን የ31 ዓመት ወጣት ነው። ድምፅ የሚቀርጸውን ፎኖግራፍ ሠርቶ ታዋቂ ሆኗል። ኮነቲከት ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሄዶ አርክ መብራት አየና ሲመለስ ለጋዜጠኞች ለቤት የሚሆን መብራት በቅርቡ እንደሚያደርስ ተናገረ። በእጁ ምንም አምፖል አልነበረም። ወሬው ብቻ የጋዝ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ አወረደ። በዚያው ጥቅምት ወር የጄ.ፒ. ሞርጋን ሸሪኮችና የቫንደርቢልት ቤተሰብ ያሉበት ኩባንያ በ300,000 ዶላር ካፒታል ተመሠረተለት።

ይቺን ልብ በሉልኝ። የቪዲዮው ተናጋሪ የማይነግረን ክፍል ይሄ ነው። ኤዲሰን «የወደቀው» በባለሀብቶች ብር፣ በኒው ጀርሲ ሜንሎ ፓርክ በሚገኝ ሙሉ ላቦራቶሪ፣ በዙሪያው ብርጭቆ ነፊ፣ መካኒክና የሒሳብ ሊቅ አሰልፎ ነው። ጥረቱን ማሳነሴ አይደለም። ግን ትራስ ላይ መውደቅና አስፋልት ላይ መውደቅ አንድ አይደለም።

ከዚያ ኤዲሰን ሌሎቹ ያላደረጉትን አደረገ፤ የጋዝ ንግድን ማጥናት ጀመረ። በዘመኑ የኒውዮርክ ሀብታም ቤቶች በጋዝ ነበልባል ነው የሚያበሩት። ጋዙ ከአንድ ጣቢያ ተነስቶ በመንገድ ሥር ቧንቧ ይሄዳል፣ ቆጣሪ ያልፋል፣ በየክፍሉ ለብቻው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኤዲሰን ጋዝ የሚያደርገውን ሁሉ በኤሌክትሪክ መኮረጅ እንደሚፈልግ ማስታወሻው ላይ በግልጽ ጽፏል። አምፖሉ የአንድ ጋዝ ነበልባል ያህል፣ ማለትም የ16 ሻማ ያህል መብራት አለበት። ከጋዝ ከተወደደ ደግሞ ማን ይገዛዋል?

እዚህ ላይ ነው መዳብ የሚመጣው።

የአንድን ጎዳና አምፖሎች በአንድ ሽቦ ላይ እንደ ጨሌ ብትደረድሯቸው አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ሰው በየክፍሉ እንዲያጠፋና እንዲያበራ እያንዳንዱ አምፖል የራሱ መንገድ ያስፈልገዋል። ይህን ሲያደርጉ ግን ሽቦው የሁሉንም አምፖሎች ከረንት ድምር መሸከም አለበት። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስ «ኤሌክትሪክን ለየቤቱ ማከፋፈል» ሕልም ነው ብሎ የተሟገተው ለዚህ ነበር። የዘመኑ አምፖሎች ክር ወፍራም የከሰል ዘንግ ነበር፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመገደብ አቅሙ፣ ከ1 እስከ 4 ኦም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አምፖል ከረንት ይጠጣል።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 100 ዋት የሚበላ አምፖል አለን። ሬዚስታንሱ 1 ኦም ከሆነ በ10 ቮልት 10 አምፔር ይስባል። 100 ኦም ከሆነ ደግሞ በ100 ቮልት 1 አምፔር ብቻ ይበቃዋል። ኃይሉ ያው 100 ዋት ነው። ነገር ግን በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ከረንቱ በ10 እጥፍ ሲቀንስ ብክነቱ በ100 እጥፍ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ብክነቱን ባለበት ይዞ የመዳቡን ውፍረት ወደ መቶኛ ማውረድ ይቻላል።

ይህን የሚያሰላለት ሰው ኤዲሰን ቀጥሮ ነበር። ፍራንሲስ አፕተን ይባላል፤ በርሊን ድረስ ሄዶ ከሔልምሆልትዝ ዘንድ የተማረ የሒሳብ ሰው ነው። ስሌቱ የነገራቸው ግልጽ ነበር፤ በወፍራም ክር አምፖል ከተማ ለማብራት መንገዱን በመዳብ መሙላት ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ክሩ ቀጭን፣ ረጅምና ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያለው መሆን ነበረበት። ሜንሎ ፓርክ ውስጥ ያ ሁሉ ነገር ሲከሰል፣ ሲጋል፣ ሲበጠስ የከረመው «የሚበራ ነገር» ፍለጋ አልነበረም። የሚበራ ነገርማ ሞልቷል! የተፈለገው በርካሽ ሽቦ የሚበራ ነገር ነው።

የሩቅ ታሪክ ከመሰላችሁ የስልካችሁን ቻርጀር አንሱና በላዩ የተጻፈውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቡ። ፈጣን ከሆነ ብዙውን ጊዜ 5 ቮልት ብቻ ሳይሆን 9 ቮልትም የሚል ታገኛላችሁ። 18 ዋት በ5 ቮልት ለመላክ 3.6 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ9 ቮልት ግን 2 አምፔር ይበቃል። በገመዱ ላይ የሚባክነው ሙቀት ከ3 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ቀጭኗ ገመዳችሁ ሳትግል ስልካችሁን ቶሎ የምትሞላው በዚህ ብልሃት ነው። የአፕተን ሒሳብ ኪሳችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ክሩ

መጀመሪያ ፕላቲነም ተሞከረ። ውድ ነው፣ ትንሽ ሙቀት ሲበዛበትም ይቀልጣል። በጥቅምት 1879 መገባደጃ ላይ ረዳቱ ቻርልስ ባችለር የተለመደውን የጥጥ ስፌት ክር አክስሎ አምፖል ውስጥ ከተተው፤ ከ13 ሰዓት በላይ በራ። በኅዳር ወር የገባው ፓተንት የከሰለ የጥጥ ክር ከ100 እስከ 500 ኦም እንደሚያስገኝ ይገልጻል፤ የቀድሞዎቹ ዘንጎች ደግሞ ከ1 እስከ 4 ኦም እንደነበሩ ገና ከመግቢያው ያነሳል። ወረቀቱ ራሱ ልዩነቱ የት እንደሆነ ይናገራል። የፓተንት ቁጥሩ 223,898 ነው፤ በጥር 1880 ጸደቀ።

በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሕዝብ በልዩ ባቡር እየተጫነ ወደ ሜንሎ ፓርክ ጎረፈ። ቀጥሎ በ1880 ከጥጥና ከወረቀት ወደ ቀርከሃ ተሸጋገሩ። ሰው እስከ ጃፓን ተልኮ ከኪዮቶ አቅራቢያ የመጣው ቀርከሃ ከ1,000 ሰዓት በላይ የሚበራ ክር አስገኘ።

ጨለማ ውስጥ የቀረ አንድ ስምም ላንሳ፤ ሉዊስ ላቲመር። ከባርነት ያመለጡ ወላጆች ልጅ የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የፓተንት ሥዕል ነዳፊ ነበር፤ የቤልን የስልክ ፓተንት ሥዕል የሠራው እሱ ነው። በኤዲሰን ተቀናቃኝ በማክሲም ኩባንያ ሲሠራ የካርቦን ክር በሚከስልበት ጊዜ እንዳይጣመምና እንዳይሰበር በካርቶን ኤንቨሎፕ ውስጥ የሚይዝ ዘዴ ፈልስፎ በ1882 ፓተንት አገኘበት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ከምድጃ የሚወጣው ክር ባልተሰበረ ቁጥር የእያንዳንዱ አምፖል ወጪ ይወርዳል። ላቲመር ኋላ ወደ ኤዲሰን ኩባንያ ተዛውሯል፤ በ1890ም ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መጽሐፍ አሳትሟል።

በኪሳራ መሸጥ

አሁን እኔን እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ያስደነቀኝ ክፍል ደረሰ። ኤዲሰን በኋላ እንደተረከው በመጀመሪያው ዓመት አንድ አምፖል ለመሥራት 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ገደማ ይወስድ ነበር። የሚሸጠው ግን በ40 ሳንቲም ነው። በሁለተኛው ዓመት ወጪው ወደ 70 ሳንቲም ወረደ፤ ዋጋው አሁንም 40። ሽያጩ ስለጨመረ ኪሳራው ከመጀመሪያው ዓመት በለጠ። በሦስተኛው ዓመት ወጪው 50 ሳንቲም ገደማ ደረሰ፤ ኪሳራው ከሁሉም ዓመት የከፋው ያኔ ነው። በአራተኛው ዓመት ወጪው 37 ሳንቲም ሆነ። ከአንድ አምፖል 3 ሳንቲም አተረፈ፤ የሦስቱን ዓመት ኪሳራም በአንድ ዓመት መለሰ። ኋላ ወጪው 22 ሳንቲም ድረስ ወርዷል።

ይህ ድፍረት ብቻ አይደለም። ብዛት ሲጨምር ወጪ እንደሚወርድ ቀድሞ አስልቷል፤ እስኪወርድ የሚያቆየው አቅምም ነበረው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሦስተኛውን ዓመት አያልፍም ነበር።

ጣቢያው በኒውዮርክ ፐርል ስትሪት መስከረም 4 ቀን 1882 ሥራ ጀመረ። 80 ለሚሆኑ ደንበኞች 400 አምፖሎች በሩ። ሽቦው በሙሉ እንደ ጋዝ ቧንቧ ከመሬት በታች ተቀብሯል። ቆጣሪው ደግሞ የዚንክ ሳህን ያለበት ጠርሙስ ነበር፤ በወር አንድ ጊዜ ሠራተኛ መጥቶ ሳህኑን ይወስድና በሚዛን ይመዝነዋል፤ በክብደቱ ለውጥ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት በነፃ ነበሩ። በቆጣሪ ተሰልቶ የመጀመሪያው ሒሳብ የተሰበሰበው በጥር 1883 ነው፤ 50 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ከፋዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንሶንያ የተባለ የናስና የመዳብ ኩባንያ!

ያኔ የሚሸጠው መብራት ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚሰካ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። እኛ ዛሬም ፍሪጁ ሲቆም፣ ዋይፋዩ ሲቋረጥ፣ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ «መብራት ሄደ» ነው የምንለው። አማርኛችን የኤሌክትሪክን የመጀመሪያ ሸቀጥ ስም እንደያዘ ቀርቷል።

መዳብ የሰጠውን መዳብ ወሰደው

ኤዲሰን መዳብ መቆጠብ አላቋረጠም። በሁለት ሽቦ ምትክ ሦስት ሽቦ በሚጠቀም ዘዴ የሚያስፈልገውን መዳብ ከ60 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ በ1883 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሰንበሪ በምትባል ከተማ ሥራ ላይ አዋለው። ቢሆንም ቮልቴጁ አምፖሉ ከሚችለው ብዙም ከፍ ሊል አልቻለም፤ በ110 ቮልት አካባቢ ቀጥተኛ ከረንት ደግሞ ከጣቢያው አንድ ማይል ያህል ከራቀ ሽቦው አይቻልም። ለየሰፈሩ አንድ ጣቢያ መሥራት ግድ ነው።

ጆርጅ ዌስቲንግሐውስ ያንኑ ሒሳብ ወደፊት ገፋው። በትራንስፎርመር ቮልቴጁን ከፍ አድርገህ በቀጭን ሽቦ ሩቅ ላከው፣ ከቤቱ ደጃፍ ስትደርስ መልሰህ አውርደው። ይህ የሚሆነው በተለዋዋጭ ከረንት ነው። በ1886 ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ በ1896 የናያጋራ ፏፏቴ ኃይል ራሷ ቡፋሎ ደረሰ። ኤዲሰን ይህን ዘዴ አደገኛ ነው እያለ አጥብቆ ተዋጋው። ተሸነፈ። ከመዳብ ዋጋ ተነስቶ የነገሠው ሰው በመዳብ ዋጋ ወረደ።

ሒሳቡ ዛሬ እኛ አገር በየተራራው ላይ ቆሟል። ከሕዳሴው ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ኪሎቮልት ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎሜትር የሚዘረጋው መስመር ደግሞ 500 ኪሎቮልት ሆኖ በቀጥተኛ ከረንት ይሠራል፤ ዘመናዊ መሣሪያዎች ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ተለዋዋጭ ከረንት ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውንም መልሰው ወደ ተለዋዋጭ መቀየር ስለቻሉ በረጅም ርቀት የኤዲሰን ወገን ተመልሶ መጥቷል። ቮልት ከፍ፣ ከረንት ዝቅ፣ ሽቦ ቀጭን። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የብርሃን ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ ለማወቅ ከፈለጋችሁ የኖቤል ተሸላሚው ኢኮኖሚስት ዊልያም ኖርድሃውስ ያሰላው አለ። በ1800 ገደማ አንድ ሠራተኛ በጧፍ 1,000 የብርሃን መለኪያ (ሉመን) ለአንድ ሰዓት ለማግኘት ከ5 ሰዓት በላይ መሥራት ነበረበት። በ1992 ያንኑ ብርሃን ለመግዛት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ሥራ ይበቃ ነበር።

የእኛ መዳብ

አብሮኝ የተመረቀ አንድ ጓደኛ አለኝ። ጂማ አካባቢ ከቡና ገለባ የተጠቀጠቀ ከሰል መሥራት ጀመረ። ከሰሉ ጥሩ ነው፤ ጭሱ ትንሽ፣ ፍሙ ረጅም ሰዓት የሚቆይ። አዲስ አበባ አምጥቶ ሊሸጠው ሲል ግን የጭነት መኪናው ዋጋ በላው። ከሰሉን ደጋግሞ አሻሻለው፤ ቅርጹን ቀየረ፣ ማሸጊያውን አሳመረ። አንድ ሥልጠና ላይ ችግሩን ሲያስረዳ ምን ተባለ? «ኤዲሰንም ሺህ ጊዜ ወድቋል፣ አይዞህ!»

ያን ማታ ሻይ ይዘን የአፕተንን ሒሳብ በወረቀት ሠራሁለት። የሱ መዳብ መንገዱ ነበር። ከሰሉ መቶ ጊዜ ቢሻሻል የጭነቱ ዋጋ አይወርድም። ብዙ ዝም አለና «ስለዚህ እዚያው ጂማ ለሻይ ቤቶቹ ልሽጠዋ» አለኝ። አሁን እየሞከረው ነው። ያዋጣው አያዋጣው ገና አልታወቀም፤ ቢያንስ ግን አሁን እየታገለ ያለው ከትክክለኛው ችግር ጋር ነው።

ሺህ ጊዜ የመሞከር ወኔ መልካም ነው፤ ለማንም አልነፍገውም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሞርጋን የለንም። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ የምንወድቅበት ብር ነው ያለን፤ እሱም ከእናት ዕቁብ ወይም ከውጭ ካለ ወንድም የመጣ ነው። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ከሙከራው በፊት ሒሳቡ ይቀድማል። ሥራችሁን ውድ ያደረገው የትኛው ሽቦ ነው? ምርቱ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ኪራዩ ነው፣ ወይስ የዳታው ዋጋ? እሱን መጀመሪያ በወረቀት አግኙት። ወረቀትና እስክሪብቶ እስካሁን ርካሽ ነው።